የአንጓች ክርን

አንኮራፋለሁ። ነገሩን ራሴ ቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ እኔ ብደብቅ መተማ ሙሉ ይመሰክርብኛል። ድሮ እንዲህ የሚለኝ ሰው ቢመጣ እንጣላ ነበር። «ማን? እኔ? እኔ እኮ ስተኛ ድምፄ አይሰማም!» እያልኩ ድርቅ እል ነበር። ሰው ተኝቶ የሚሠራውን ራሱ አያይም፤ ምስክሬም ሚስቴ አንጓች ብቻ ስለነበረች ክርክሩን ሁልጊዜ እኔ እረታ ነበር። አንጓች ክርክር አትወድም። እሷ የምታውቀው ክርን ነው።

ስለ ክርኗ ላውራችሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ስተኛ መጀመሪያ አንኮራፋለሁ፤ እሱን ለምዳዋለች። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ትንፋሼም አብሮ ጸጥ ይላል። ደረቴ ይታገላል፣ ሆዴ ይነሳል ይወድቃል፣ ጉሮሮዬ ግን ተዘግቷልና አየር የሚባል አይገባም። ይኼኔ አንጓች በልቧ አቡነ ዘበሰማያት ትጀምራለች። «ሲሳየነ» የሚለው ላይ እስክትደርስ ካልተነፈስኩ ክርኗን በግራ ጎኔ፣ ከብብቴ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋ፣ ታሳርፍብኛለች። እኔ አየሩን አንድ ጊዜ ስቤ፣ አጉረምርሜ፣ በጎኔ እዞራለሁ። እሷም ጸሎቱን ካቆመችበት ትጨርሳለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራ እኔ አንድም ቀን አላወቅኩም። የሚመስለኝ የነበረው እንቅልፍ የታደልኩ ሰው መሆኔ ነው።

ያወቅኩት ስትሄድ ነው።

መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ኾር ነው፤ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ አሸዋ ብቻ። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ እንግሊዝ የሚገዛው ሱዳን። በደህናው ጊዜ ግን ይህን ማንም አያስበውም ነበር፤ እሳት የጠፋባት ሴት ማዶ ተሻግራ ፍም ይዛ ትመለስ ነበር። የአንጓች እህት ገላባት ነው ያገባችው። የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ አንጓች ልታርሳት ጓዟን አነሳች። «ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ፣ ክርስትናውን አይቼ እመጣለሁ» አለችኝ። በሩ ላይ ደርሳ ደግሞ ዞር አለችና «በጎንህ ተኛ፣ እሺ?» አለች። እኔም ሳቅኩባት። ሚስት ስትለይ ብዙ ነገር ትላለች ብዬ አለፍኩት።

ሴት ተወለደች። በዚያች ሕፃን ላይ እስከ ዛሬ ትንሽ ቂም አለኝ። ወንድ ብትሆን ኖሮ አንጓች በአርባ ቀን ቤቷ ትገባ ነበር፤ ሰማንያው ሳይሞላ ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ወደ እኛ ወደ ቆላው ወረደ። ኾሩ ዳር ድንኳን ተተከለ፣ ዘበኛ ቆመ። እንግሊዞቹም በበኩላቸው ማዶ ላይ ዘበኛ አቆሙ። የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው አይሻገርም ተባለ። አዋጁን በሰማሁ ዕለት ኾሩ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ማዶ ነጠላ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር አንጓችን እየመሰለችኝ እጄን አነሳ ነበር። ያን ቀን ለስንት የሰው ሚስት እንዳውለበለብኩ እግዜር ይወቅ፤ ሁለቱ ባለ ትዳሮች መልሰውልኛል።

እንግዲህ ሌሊቱ መጣ። በየሌሊቱ ጉሮሮዬን የታነቅኩ ያህል ዘልዬ እነሳለሁ፤ ልቤ ይደልቃል፣ አፌ ደርቋል። አራቴ አምስቴ ለሽንት እወጣለሁ። ጠዋት ራሴ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ቀን ደግሞ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ የስፌት መኪናዬን በአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቼ እሠራለሁ። እየሠራሁ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እግሬ ግን ልማዱ ስለሆነ መኪናውን መርገጡን አይተውም። እንዲህ እያልኩ የአንዱን ሱሪ ሁለቱንም እግር ከታች ዘግቼ ሰፋሁለት። ሌላ ቀን ደግሞ የገዛ እጅጌዬን ከአንድ የሱዳን ነጋዴ ጀለቢያ ጋር አያይዤ ሰፋሁት። ሰውዬው ልብሱን ሊወስድ መጥቶ ቢስበው እኔም ተከተልኩት።

«ያ ዞል!» አለኝ። ሱዳኖች «አንተ ሰው» ሲሉ ነው። «ልብሱን ነው ያዘዝኩት፣ አንተን ምን ላድርግህ?»

መቼም የሰው ልጅ ሲታመም ሐኪም ያልሆነ ጎረቤት የለውም። ጎረቤቴ መሪጌታ ደጉ፣ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ነገሩን ሰምተው «ዱካክ ነው። እላይህ ላይ ተቀምጦ ደረትህን የሚጫንህ እሱ ነው» አሉ። ብረት ይፈራል ብለው ቢላዋ ከትራሴ ሥር እንዳደርግ አዘዙኝ። አደረግኩ። ሌሊት ታፍኜ ስዘል ጆሮዬን ቆረጥኩት፤ ዱካኩ ግን ብረቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የሱቁ ባለቤት ደግሞ «ወፍረሃል፤ ሆድህ ነው ትንፋሽህን የሚሻማህ» አለኝ። ተቀየምኩት። አንጓች ከሄደች ወዲህ በብስጭት ብዙ እበላ እንደነበር እውነት ነው፣ ግን እውነት ሁሉ ፊት ለፊት ይነገራል? ሌላው ወዳጄ አረቄ አዘዘልኝ። እሱን ወዲያው ተቀበልኩ። አረቄው እንቅልፉን አጠለቀልኝ፣ ጉሮሮዬንም ከቀድሞው ይብስ ዘጋው። በዚያ ሳምንት ሞትና እኔ ትከሻ ለትከሻ ነው ያደርነው።

ያኔ ነው አንጓች በሩ ላይ ያለችው ቃል ትዝ ያለኝ። በጎንህ ተኛ። ምን ማለቷ ነበር? ልጠይቃት ፈለግኩ። መጠየቅ ብቻ አይደለም፣ ናፈቀችኝ። ድምጿ ናፈቀኝ፣ ሽንኩርት ስትልጥ የምታጉረመርመው ናፈቀኝ፣ ስሟን ሳልጠራ ዞር ብላ «ምነው?» የምትለው ናፈቀኝ። ትልቅ ሰው ሚስቴ ናፈቀችኝ ብሎ በረንዳ ላይ አያለቅስም፤ እኔ ክር የመርፌ ቀዳዳ ውስጥ የማስገባ እየመሰልኩ አለቅስ ነበር።

ወረቀቱን ላወጣ ቆረጥኩ። በስውር የሚያሻግሩ ሰዎች ነበሩ፣ ግን እኔን ማንም አይወስደኝም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠን አንዴ ባሸልብ የሁለት መንግሥት ዘበኛ እጠራባቸዋለሁ። ስለዚህ የጣሊያን የይለፍ ቢሮ ነው የቀረኝ። ቢሮው በየማክሰኞው ይከፈታል፤ አስተርጓሚው ስም የሚጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አቤት ያላለ ይታለፋል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ዱላዬን ተደግፌ ቆሜ ተኛሁ፤ ታለፍኩ። በሁለተኛው ሚጥሚጣ ይዤ ሄድኩና እንዳልተኛ ምላሴ ላይ ነሰነስኩ። እንባዬ ወረደ፣ አፍንጫዬ ወረደ፣ በመጨረሻም እያለቀስኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። አስተርጓሚው ስሜን ጠርቶ ሲያየኝ አዘነልኝ አሉ። «ተዉት፤ ሐዘን አለበት» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። በሦስተኛው ማክሰኞ ሙያዬን ተጠቀምኩ። ከፊቴ የቆመውን ሰው ጋቢ ጫፍ ከእኔ ጋቢ ጋር በወፍራም ክር ሰፋሁት፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጎትቶ ይቀሰቅሰኛል ብዬ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ተጠራ፣ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት፣ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ግን ገና አልነቃሁም ነበር። ወረቀቱ ላይ ተደፋሁ፣ ቀለሙም ወረቀቱ ላይ ተደፋ። ስሜ የመዝገቡ ጭራ ላይ ተጻፈ።

ያን ቀን ሆድ ባሰኝ። የማሽላ እንጀራ እስክጠግብ በላሁ፣ ሁለት መለኪያ አረቄ ጨመርኩበት፣ ሄጄም የግመል ጭነት ከሚጫንበት ከትልቁ ባምባ ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ኢድሪስ የሚባል ወዳጄ ባለ ግመል ነው፤ የነጋዴ ወረቀት ስላለው ገላባት ይመላለሳል፣ ለአንጓችም መልእክቴን በቃሉ ያደርስልኛል። «ከመነሳትህ በፊት ባምባው ጋ እለፍ፣ የምልካት ቃል አለኝ» ብዬው ነበር። የምልካት ቃል «በጎንህ ተኛ ያልሽው ለምንድን ነው?» የሚል ነበር። ኢድሪስ እስኪመጣ ጋደም አልኩ። በጀርባዬ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እኔ አልነበርኩም ማለት ይቻላል። ኢድሪስ ሲመጣ አፌን ከፍቼ ተንጋልያለሁ። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ዝም። እጁን አፍንጫዬ ላይ አደረገ። ትንፋሽ የለም። ግመሎቹ ተነስተዋል፣ ኾሩም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ኢድሪስ ደግ ሰው ነው፤ ተንበርክኮ አንድ ፋቲሃ ቀራልኝ፣ በጋቢዬ ፊቴን ሸፈነ፣ ክርስቲያኖቹ ወገናቸውን ይቅበሩ ብሎ ግመሎቹን ተከትሎ ሮጠ። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ዘበኛውን «ባምባው ሥር ሰው ሞቷል» አለው፤ ስሜንም አስጻፈ። እኔ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነቃሁ። ፊቴ መሸፈኑን ሳይ የሆነ ሰው ለዝንቡ አስቦልኝ ነው ብዬ መረቅኩት። ኢድሪስን ግን ሳያየኝ ሄደ ብዬ ሰደብኩት።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ኢድሪስ ማታውኑ ለአንጓች እህት ባል ነገረው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማግስቱ ማለዳ ደጇ ላይ ቆሙ። አንጓች ወጣች። ፊታቸውን አይታ ማን እንደ ሞተ ሳይነግሯት ገባት፤ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ቀጥሎ ግን እጇን አወረደችና ጠየቀች።

«እንዴት ሆኖ ነው የሞተው?»

«ባምባው ሥር ተኝቶ» አለ ኢድሪስ። «እንደ ተኛ ቀረ።»

«በጀርባው ነው በጎኑ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«በጀርባው» አለ ኢድሪስ።

«አፉ ተከፍቶ ነበር?»

«ተከፍቶ ነበር።»

«አረቄ አረቄ አይልም?»

«ይላል፤ አላህ ይማረው።»

«ምን ያህል ጠበቅኸው?»

«አንድ ፋቲሃ ቀርቼለታለሁ።»

«አንድ?» አለች አንጓች። «አንድ ብቻ? አዬ ኢድሪስ! አረቄ የቀመሰ ለታ እኮ ጸሎቴን ጨርሼ፣ ጎሽሜው፣ እንደገና ጀምሬ ነው የሚተነፍሰው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው አንተ አንድ ፋቲሃ አትታገሥም?»

ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለው ሁለት ሴቶች ሊይዟት ተጠጉ። እሷ ግን እያሰበች ነበር። ዘበኛም ቢሆን እናት አባት አለው፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው አይከለክልም። ይህን ስታስብ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ፀጉሯን በተነች፣ ከዚያ እሪታዋን አቀለጠችው። ልክ ነበረች። የማዶውም የወዲሁም ዘበኛ አሳለፏት። የወዲሁ ግን «እስከ ሣልስቱ ብቻ» ብሎ የእህቷን ባል በዋስነት ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጠው። ባትመለስ የሚታሠረው እሱ ነው።

እሪታዋ እኔ ድረስ ተሰማ። በረንዳዬ ላይ እየሰፋሁ ነበር። «ምስኪን!» አልኩ። «ማን ሞቶባት ይሆን?» ጨዋ ሰው ስለሆንኩ ለቅሶ ልደርስ ጋቢዬን አነሳሁ። ይኼኔ መሪጌታ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ግባ! ቤትህ ግባ!» አሉኝ።

«ምን ሆኑ መሪጌታ? ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ!»

«መቼ?» አልኳቸው።

«ትናንት፣ ከምሳ በኋላ» አሉ እያለከለኩ። አንጓች ደረቷን እየመታች ስታልፍ በጆሯቸው «በሕይወት ካለ ከቤት እንዳይወጣ!» ብላቸው ነው። ዘበኛው ሟቹን ቆሞ ቢያየው ዋሱ አለቀለት ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ከመጋረጃው ጀርባ አንገረቤ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንገረብ በጠፍር የተጠለፈው የቆላ አልጋችን ነው። እስክትመጣ የምላትን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። መጀመሪያ ስሟን እጠራለሁ፤ ቀጥሎ ይቅርታ እላታለሁ፤ ቀጥሎ… ምን ያደርጋል፣ ተኛሁ። ያን ሁሉ ወራት የጠበቅኳት ሚስቴ በበሩ ስትገባ እኔ አፌን ከፍቼ አንኮራፋለሁ። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። በግራ ጎኔ፣ ከብብቴ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክርን አረፈ። ዓይኔን ሳልገልጥ አወቅኳት። አየሩን ስቤ በጎኔ ዞርኩ፣ ቀሚሷንም ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ቀስ!» አለችኝ እሷም እያለቀሰች። «ሞተሃል እኮ።»

እንግዲህ የራሴን ለቅሶ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። መንደሩ ምስጢሩን አወቀ፣ መንደሩም ጠበቀው። ጎረቤት ሁሉ እዝን ይዞ መጣ፤ ሟቹ በልቼ ለለቅሶኛው ብዙ አልተረፈውም። ሬሳው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ መሪጌታ «በቆላ ሬሳ አያድርም» ብለው ይመልሱ ነበር፤ ይህ እውነት ስለሆነ ውሸት አልሆነባቸውም። ሰው ስለ እኔ ብዙ መልካም ነገር ተናገረ። ሱሪውን ዘግቼ የሰፋሁበት ሰውዬ እንኳ «እጁ ወርቅ ነበር» አለ። ዞር ብዬ ላመሰግነው ምንም አልቀረኝ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ዘበኛው ራሱ ከአስተርጓሚው ጋር ሊያስተዛዝን መጣ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ እዝን ቀረበላቸው። ሙቀቱ ሌላ፣ እዝኑ ሌላ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኔ ከበደኝ። መቼ እንደ ተኛሁ አላውቅም፤ መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ቀጥሎ እንደ ልማዴ አንኮራፋሁ። ዘበኛው እንጀራውን ሳይጎርስ ጆሮውን አቀና። አንጓች ዘልላ ተነሳች፣ ደረቷን መታች፣ ሙሾዋን በረጅሙ ለቀቀችው።

በጀርባህ ተኝተህ አፈር ሳይጫንህ፣
ዞር በል የኔ ጌታ፣ ዞር በል በጎንህ።

ሴቶቹ ሁሉ «ዞር በል!» እያሉ ተቀበሏት። ቤቱ ተናወጠ። እኔም በእንቅልፍ ልቤ ድምጿን ሰምቼ ታዘዝኩ፤ በጎኔ ዞርኩ፣ ማንኮራፋቱም ጸጥ አለ። ዘበኛው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ባሏን በጣም ትወደው ነበር ማለት ነው» አለ ለአስተርጓሚው። አስተርጓሚውም አለቀሰ፣ በኋላም ቢሮው ሄዶ ስሜን ከወረቀት ጠያቂዎች መዝገብ ላይ ሰረዘ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው ሁሉን የነገረችኝ፤ ትንፋሼ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ በምን እንደምትለካው፣ የት ላይ እንደምትጎሽመኝ። ሰማኋትና አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ጤናማ፣ እሷ እንቅልፍ የለሽ!

«ማዶ ሆነሽስ አሁን ጥሩ ትተኛለሽ?» አልኳት።

«የት ተኝቼ!» አለችኝ። «ጸጥታው አያስተኛኝም። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ስጀምር ሲሳየነ ላይ ክርኔ ብቻውን ይነሳል። ግድግዳውን ነው የምጎሽመው።» ክርኗን ገልጣ አሳየችኝ፤ ተልጧል። የተላጠውን ቦታ በመዳፌ ሸፈንኩት።

በሣልስቱ ዋዜማ ሥራ ጀመረች። የአንገረቤን ራስጌ በሁለት ድንጋይ ከፍ አደረገችው። አረቄውን ደጅ ደፋችው። «እራትህን በጊዜ፣ ትንሽ» አለች፣ ሆዴንም መታ መታ አደረገችው፤ የሱቁ ባለቤት ያለውን እሷ ስትለው አልተቀየምኩም። በመጨረሻ አንድ የባምባ ፍሬ ይዛ መጣች፤ ቅርፊቱ የጠነከረ፣ ጡጫ የሚያህል። ሸሚዜን ገልብጣ ፍሬውን ከጀርባው፣ ከሁለቱ ትከሻ መሐል፣ በጨርቅ ኪስ አድርጋ ሰፋችው። «በጀርባህ ልትተኛ ስትል ይወጋህና ትዞራለህ» አለችኝ። እኔ ሰፊ ነኝ። አንጓች መርፌ መያዝ አትችልም። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ አንዱ ጥልፍ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ክሩም ከሸሚዙ ጋር አይገጥምም። እስከ ዛሬ አልነካሁትም፣ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ዋሷን ልታስለቅቅ በሣልስቱ ጠዋት ሄደች። ልሸኛት አልቻልኩም፤ ሟች ኀዘንተኛ አይሸኝም። በበሩ ስንጥቅ ቆሜ ነጠላዋ ከኾሩ ዳር እስኪጠፋ አየኋት። ያን ቀን ሌላ የሰው ሚስት እሷን አልመሰለችኝም።

አርባዬ ካለፈ በኋላ ወደ ቢሮው ሄድኩ። አስተርጓሚው ስሜን ስነግረው አቀርቅሮ መዝገቡን ገለጠ። «ይህ ሰው ሞቷል» አለኝ።

«እኔ ነኝ እኮ! ቆሜ እያየኸኝ!»

«ለቅሶው ላይ ነበርኩ» አለ። «እዝኑን በልቻለሁ። እንዴት ያለ ለቅሶ! አሁን አልሞተም ብዬ ብጽፍ እኔና ዘበኛው ምን እንባላለን? ለሞተ ሰው የይለፍ ወረቀት አይሰጥም፤ ሂድ ወንድሜ።» ፊቱን ሳየው አውቆኝ ነበር፤ ወረቀቱን የከለከለኝ ፍርሃቱ ነው። እንግዲህ መሞት አንድ ጥቅም አለው፤ ለመንገድ ሥራ ሰው ሲለቀም የእኔ ስም አይጠራም። ኾሩን ግን አያሻግርም።

ሸሚዙን እየለበስኩ መተኛት ለመድኩ። ፍሬው ይቆረቁረኛል፣ እዞራለሁ፣ እተነፍሳለሁ። ራሴን ማመሙ ቀነሰ፣ ሱሪ ዘግቼ መስፋት ቀረ፣ መሪጌታም ቢላዋቸው እንደ ሠራ ለሰው ያወራሉ። ዳንኩ ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለኝ፤ የባምባ ፍሬ ከወጋኝ በኋላ ጸሎቱን የሚጨርስልኝ የለም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጠናብኝ ሸሚዙን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩና በረንዳው ላይ ባለው አንገረብ ጋደም አልኩ። በጀርባዬ ሆኜ እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ አልታወቀኝም። ድንገት በግራ ጎኔ፣ ከብብቴ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ልክ እዚያችው ላይ፣ ጎሸም ተደረግኩ። «አንጓች!» ብዬ ዘለልኩ። የማላውቀው ረጅም ሱዳናዊ የግመል ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«ያ ዞል፣ ዞር በል» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ኡክት አንጓች ሰላም ብላሃለች።» እህት አንጓች ማለቱ ነው።

ነገሩን ኢድሪስ ነው ያስረዳኝ። አንጓች በየሳምንቱ ገላባት ገበያ ላይ ትቆምና ወደ መተማ የሚነሳውን ባለ ግመል ሁሉ ታስተምራለች አሉ፤ በረንዳው የት እንዳለ፣ ሰውዬው ምን እንደሚመስል፣ የጎኔንም ቦታ በገዛ ጎናቸው ላይ በጣቷ እየነካች ታሳያቸዋለች። «በጀርባው ካገኛችሁት ፋቲሃ እንዳትቀሩበት፣ ጎሽሙት» ትላቸዋለች። ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ የእሷን ክርን ይዞ ይሻገራል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በጨዋ ሰው የማያምር ልማድ አመጣሁ። ከማዶ የሚመጣ የግመል ቃጭል በሰማሁ ቁጥር መኪናዬን አቆማለሁ፣ ሸሚዙን አውልቄ ሚስማሩ ላይ እሰቅላለሁ፣ አንገረቡ ላይ በጀርባዬ እንጋለላለሁ፣ አፌንም ትንሽ ከፈት አደርጋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ። ቃጭሉ ይቀርባል፣ የግመሉ ኮቴ በረንዳው ጋ ይቆማል። ሲሳየነ ላይ እደርሳለሁ። ቢሮ ሰልፍ ላይ የተኛሁ፣ ባምባው ሥር የተኛሁ፣ ሚስቴ ስትመጣ እንኳ የተኛሁ ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት ብቻ እንቅልፍ አይወስደኝም።